ሉቺያኖ ቫሳሎ፦ ሙያው አብሮት የተሰደደው አምበል

ቂሊንጦ የሚጠመቀው ቢራ ስሙ ዋልያ ነው። ብሔራዊ ቡድናችንንም የምንጠራው ዋልያዎቹ ብለን ነው። ዛሬ ፋብሪካና እግር ኳስ የሚገናኙት በአብዛኛው እንዲህ በስምና በማስታወቂያ ነው። ድሮ ግን ፋብሪካ ራሱ ቡድን ነበረው።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 የነበሩትን ስድስት የኢትዮጵያ ሻምፒዮናዎች ተመልከቱ። ስድስቱንም የወሰዱት ሁለት የድሬዳዋ ፋብሪካ ክለቦች ናቸው። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ኮተን አራቱን፣ ኢትዮ ሲሚንቶ ሁለቱን። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫውን ከእጃቸው ያወጣው በ1966 ነው።

ለኮተን ከተሰለፉት አንዱ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በ1935 አስመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር ተወለደ። ኳስ ተጫዋች ብቻ አልነበረም፤ መካኒክም ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ግብፅ 2 ለ 1 እየመራች ነበር። አምበላችን ሉቺያኖ አቻ አደረገ። በጭማሪ ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ይኸው መካኒክ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ዋንጫውን ደግማ አላነሳችም።

ከዚያስ? ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠነ። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ አገር ጥሎ ጣሊያን ገባ። ሮም አጠገብ ኦስትያ በምትባል ከተማ መኪና እየጠገነ ኖረ። የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ ጽፎ ርዕሱን «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» አለው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሮም ውስጥ አረፈ።

ያን ዘመን ላሞግስ አይደለም። ዋንጫውም ፋብሪካውም ከስደት አላዳኑትም። ሙያው ግን አብሮት ተሰደደ፤ እግሩ ሲደክም እጁ አበላው።

የዛሬው የሊግ ተጫዋች በአብዛኛው የሚኖረው ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከከተማ አስተዳደር በጀት በሚወጣ ደመወዝ ነው። በጀቱ ሲቋረጥ ወይም ጉልበቱ ሲጎዳ በእጁ ምን ይቀረዋል? ከኳስ ሌላ ሙያ ያስተማረው አለ?

ቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ ኳስ የሚያባርር ልጅም ሞልቷል። ከፋብሪካዎቹ ማልያ ላይ የሚለጠፍ ስም ብቻ አንጠብቅ። ጠዋት ሙያ የሚያስተምር፣ ከሰዓት የሚያሠለጥን አንድ የወጣት ቡድን እንጠይቃቸው።