ምጽዋ ያልደረሰው ጭነት

«ይህ ሁሉ ቦምብ ለማን ሊደርስ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ የጀልባዋ ተሳፋሪ ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. ጀርመን አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ፣ ከፖርት ሱዳን በምትነሣ የኪራይ ጀልባ ቀይ ባሕርን ጠልቀን እንድናይ ጋበዘኝ። እሱ የተካነ ጠላቂ ነው፤ እኔ የጀማሪዎችን ሥልጠና ገና መጨረሴ ነበር። ከወደቡ ብዙም ሳንርቅ፣ ዊንጌት ከሚባለው የኮራል ዓለት አጠገብ ቆምን።

«እዚህ ሥር ኡምብሪያ አለች» ብሎ አስጎብኚው ታሪኩን ጀመረ።

መርከቧ በ1911 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ ላይ የተሠራች ናት። በ1935 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መንግሥት ገዛት። በ1932 ዓ.ም. ወደ 360,000 የሚጠጉ ቦምቦች፣ ሲሚንቶና ሦስት ፊያት አውቶሞቢሎች ጭና ከጣሊያን ተነሣች። ጣሊያን ገና ጦርነቱ ውስጥ ስላልገባች እንግሊዞች በስዊዝ ቦይ እንዳታልፍ ሊከለክሏት አልቻሉም። በጦር መርከብ አስከተሏት፤ ዊንጌት ዘንድ ሲደርሱም አስቁመው ወታደር አሳፈሩባት።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ካፒቴን ሎሬንዞ ሙዬዛን በክፍሉ ሬዲዮ የሙሶሊኒን የጦርነት ዐዋጅ ሰማ። የተሳፈሩት ወታደሮች ወሬው አልደረሳቸውም። ካፒቴኑ የነፍስ አድን ጀልባ ልምምድ ነው ብሎ ሰዎቹን አወረደ፤ ከታች ደግሞ መርከቧን ውሃ እንዲሞላት አስደረገ። ኡምብሪያ በግራ ጎኗ ተጋድማ ሰጠመች። አንድም ሰው አልሞተም። ተሳፋሪዎቹ በካፒቴኑ ብልጠት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወረድን። የአየሩን ሲሊንደር በጀርባዬ፣ ፍርሃቴን በሆዴ ይዤ የአክስቴን ልጅ ተከተልሁ። የመርከቧን ጎን ኮራል አልብሶታል፤ ዓሦች በመስኮቶቿ ይወጣሉ ይገባሉ። አስጎብኚው መብራቱን ወደ ጭነቱ ክፍል አበራ። ቦምቦቹ እንደ ማገዶ ተደርድረዋል። ከመደርደሪያ የወረደ ያለ አይመስልም።

ወደ ጀልባዋ ተመልሰን ሻይ ስንጠጣ ነው ያን ጥያቄ የጠየቅሁት። «ምጽዋ» አለ አስጎብኚው። «ከምጽዋስ?» አልሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። እሱ የሚያውቀው ታሪክ እዚያ ላይ ያልቃል።

የእኛ ግን እዚያ ላይ ይጀምራል። ውድ አንባቢ፣ በዚያ ሰኔ ወር ምጽዋ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ በር ነበረች። ኢትዮጵያ አምስተኛ የወረራ ዓመቷን ይዛለች፤ አርበኞች በየጫካው ናቸው፤ የጣሊያን አውሮፕላንም ከላያቸው አልጠፋም። ኡምብሪያ ራሷ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወራሪውን ጦር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስታመላልስ የነበረች ናት። ያን ጊዜም ስዊዝ አልተዘጋባትም።

ካፒቴኑ መርከቧን ያሰጠመው ለእኛ አዝኖ አይደለም፤ ጭነቱ በእንግሊዝ እጅ እንዳይወድቅ ነው። ቢሆንም ያ ሁሉ ቦምብ በአንድም የሐበሻ መንደር ላይ አልወደቀም። በዚያው ሰኔ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ ወደ እስክንድርያ በረሩ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን መሬት ረገጡ። በስዊዝ በኩል ከዚያ ወዲያ ለጣሊያን የሚደርስ ስንቅ አልነበረም።

ይህን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኋቸው። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «አባቴም በዚያ በኩል ነበር» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የሻዩን ማንቆርቆሪያ አንሥተው ስኒዬን ሞሉልኝ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ያን ጉዞ አስታወስሁ። የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውሎ፣ «ያን ቀን እንኳን ጠየቅህ» አለኝ። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው፤ የሴትዮዋን አባት ስም አለመጠየቄ።