«ጥያቄ» ወይስ «ሐሳብ»? በክፍት ምንጭ የድር ማዕቀፎች ስለሚቀርብ የማሻሻያ ሐሳብ ታሪክና ስያሜ

አንድ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊመረምረው የሚገባው የቃሉን ፍቺ ብቻ ሳይሆን ቃሉን ያስገኘውን ሥራ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ የምንወስደው ለድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች አዲስ አገልግሎት እንዲጨመር የሚቀርበውን ጽሑፍ ነው። «ማዕቀፍ» የምንለው ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን ከባዶ ከመጀመር ይልቅ ተንተርሰው የሚሠሩበትን የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ሲሆን፣ «ክፍት ምንጭ» ሲባል ደግሞ ኮዱን ማንም ሊያነበው፣ ሊለውጠውና ሊያሠራጨው የተፈቀደ መሆኑን ያመለክታል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ስያሜ «ጥያቄ» ነው። የስያሜውም መነሻ ሩቅ ነው። በ1969 ስቲቭ ክሮከር የተባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአርፓኔት መረብ የመጀመሪያውን የአሠራር ማስታወሻ ሲጽፍ፣ ለተከታታዩ ማስታወሻዎች የሰጠው መጠሪያ በአማርኛ «አስተያየት እንዲሰጥበት የቀረበ» እንደማለት ነው። ጸሐፊዎቹ ሥልጣን ያልተሰጣቸው ወጣቶች ስለነበሩ፣ ጽሑፋቸው ትእዛዝ እንዳይመስል በትሕትና የመረጡት ስም ነበር። ሆኖም በዚያ ስም የሚጠየቀው የሌሎች አስተያየት እንጂ የአለቃ ፈቃድ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

በ2000 የፓይተን ቋንቋ ባለሙያዎች «የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ» የተባለውን ሥርዓት አቋቋሙ። በዚህ ሥርዓት አቅራቢው የለውጡን አስፈላጊነት፣ ዝርዝር አሠራሩንና በቀድሞው ኮድ ላይ የሚያስከትለውን ችግር እንዲጽፍ ይገደዳል። ውድቅ የተደረጉ አማራጮችም ከነምክንያታቸው ይመዘገባሉ፤ ይህም የተዘጋ ክርክር ያለ አዲስ ምክንያት እንዳይከፈት ይረዳል።

በፓይተን የተጻፈው ጃንጎ የተባለው ማዕቀፍም ይህንኑ አርአያ ተከትሏል። ጃንጎ በካንሳስ ግዛት፣ በሎረንስ ከተማ በሚገኝ የጋዜጣ ድርጅት ውስጥ በ2003 ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ለብዙ ዓመታት የመጨረሻው ዳኝነት የሁለት መሪዎች፣ ማለትም የአድሪያን ሆሎቫቲና የጄከብ ካፕላን ሞስ ነበር። ሁለቱም በ2014 መጀመሪያ ከዳኝነቱ በፈቃዳቸው ሲለቁ፣ ታላላቅ ለውጦች በማን፣ እንዴትና በምን ማስረጃ እንደሚወሰኑ መደንገግ ግድ ሆነ። በዚያው ዓመት «የጃንጎ ማሻሻያ ሐሳብ» የተባለው ሥርዓት የተደነገገው ለዚህ ነው። በድንጋጌው መሠረት ሐሳቡ ደራሲ፣ በኮድ የሚተረጉመው ቡድንና ሂደቱን የሚከታተል ልምድ ያለው ባለሙያ ያስፈልገዋል። ይህ ሦስተኛው ሰው በእንግሊዝኛው «እረኛ» ተብሏል፤ በአማርኛ ግን እረኛ ሲባል ከብት ጠባቂው ስለሚታሰብ «መካሪ» ቢባል ይሻላል።

ሥርዓቱ ምን እንዳስገኘ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድሩ ጎድዊን አንዱ ሥራ እስኪፈጸም ሳይጠብቁ ሌላውን ለማካሄድ የሚያስችል አሠራር ወደ ጃንጎ እንዲገባ ያቀረበው ዘጠነኛው ሐሳብ በ2019 ጸደቀ። ሐሳቡ ሁሉን በአንድ ጊዜ እንለውጥ አላለም፤ ነባሩ ኮድ ሳይሰበር ሥራው በየደረጃው እንዲካሄድ ዕቅድ አወጣ። በዕቅዱም መሠረት የመጀመሪያው ክፍል በ2019 መጨረሻ በእትም 3.0፣ ተከታዩ በ2020 በእትም 3.1 ወጣ፤ ከመረጃ ቋት ጋር የሚያገናኘው ክፍልም በ2022 በእትም 4.1 መግባት ጀመረ። ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ በየዓመቱ የሚፈራረቁ በጎ ፈቃደኞች ይህን የመሰለ ረጅም መንገድ ሳይስቱ ለመሄድ በተቸገሩ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ስለ ስያሜው የሚከተለውን እናቀርባለን። በአማርኛ «ጥያቄ» ከ«አቤቱታ» ጋር ይዋሰናል፤ ጠያቂው ይለምናል፣ ተጠያቂው ይሰጣል ወይም ይከለክላል፤ የሥራው ሸክምም በተጠያቂው ላይ ይወድቃል። በክፍት ምንጭ ሥራ ግን ሸክሙ በአቅራቢው ላይ ነው፤ ምክንያቱን ይጽፋል፣ ለተቃውሞው መልስ ይሰጣል፣ ኮዱንም ራሱ ይጽፋል ወይም የሚጽፍለት ይፈልጋል። «ፕሮፖዛል» የሚለው የውሰት ቃል ደግሞ በእኛ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በጥናትና በገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ስለሆነ ግቡን አይመታም። ስለዚህ ለጽሑፉ «የማሻሻያ ሐሳብ»፣ ገና ላልተወሰነበት «ረቂቅ»፣ ተቀባይነት ላገኘው «የጸደቀ»፣ ላላገኘው «ውድቅ የተደረገ»፣ አቅራቢው ራሱ ለተወው «የተነሣ»፣ በሌላ ለተተካው «የተሻረ» ማለት ይበጃል። «ጥያቄ» የሚለው ቃል ግን አንድ ተጠቃሚ ሥራውን ሳይሸከም ፍላጎቱን ብቻ ለሚያሳውቅበት ቢጠበቅ መልካም ነው።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። «ጥያቄ» የሚለውን ይዞ ወደ እነዚህ ማዕቀፎች የሚቀርብ ወጣት ባለሙያ መልስ ሲጠብቅ ይኖራል፤ «ሐሳብ» የሚለውን የያዘ ግን ማስረጃውን አሰናድቶ ከሸንጎው ይገባል። አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች የእነዚህ ሥራዎች ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆኑ ደራሲዎችም እንዲሆኑ ከፈለግን፣ በቃሉ ምርጫ መጀመር ይገባናል እንላለን።