ማዕድ በሐይቅ እስጢፋኖስ፤ የገዳሙና የጎረቤቱ የኑሮ ታሪክ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የሚታየው ውኃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሲሆን፣ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣውን የአንከርካን ወንዝ ይቀበላል እንጂ ከራሱ የሚያስወጣው ወንዝ የለውም። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ስፍራ በጥንት ዘመን ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ ውኃው እየሸሸ በመሄዱ ዛሬ በእግር የሚገባበት ልሳነ ምድር ሆኗል።

ስለዚህ ስፍራ የተጻፈው ታሪክ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው የነገሥታትና የማዕርግ ታሪክ ነው። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ዙፋን ሲይዝ የገዳሙ አበምኔት ምን እንደረዳው፣ የሐይቅ አበምኔቶችም ዐቃቤ ሰዓት በሚለው ማዕርግ በቤተ መንግሥት ምን ያህል ይደመጡ እንደነበር ብዙ ተመርምሯል። በእኔ አስተያየት በሚገባ ሳይጠየቅ የቀረ አንድ ነገር አለ። ይኸውም በዚህ ስፍራ የኖረው ሰው፣ መነኩሴም ሆነ ባላገር፣ ዕለት ዕለት ከማን ጋር ይበላ ነበር፣ ከማንስ ጋር አይበላም ነበር የሚለው ነው። ጥያቄው ተራ ቢመስልም የአካባቢውን ሕዝብ ወዳጅነትና ጭንቀት ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ አላገኘሁም።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ምንኩስናን ከተማሩ በኋላ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። እስከ ዕረፍታቸው፣ ማለትም እስከ 1286 ዓ.ም. ገደማ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በዚያው ኖሩ። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖትና በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክ ይገኙበታል። እነዚህን ስሞች ስናነብ ትምህርቱና ጸሎቱ ብቻ በዓይናችን ይመጣል። ሆኖም ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰበ፣ የአነጋገር ዘዬው የተለያየ፣ አንዱ የባለርስት ልጅ፣ ሌላው ከድኻ ቤት የወጣ ወጣት ሁሉ በዚያች ጠባብ ደሴት ላይ ለዓመታት አብሮ መብላት ነበረበት።

በአገራችን የገዳማት ሥርዓት ሁለት ዓይነት አኗኗር ይታወቃል። በአንድነት ገዳም ገንዘቡም ሥራውም ማዕዱም የጋራ ነው፤ በቁሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ መነኩሴ የየራሱን ጎጆና ጓዳ ይዞ ይኖራል። የአንድነት ኑሮ በጽሑፍ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን እህሉን የሚሰፍር መጋቢ፣ እንጨት የሚለቅም፣ ውኃ የሚቀዳ፣ የሚፈጭና የሚጋግር አርድእት ይጠይቃል። በሐይቅ ደግሞ ሴት ወደ ገዳሙ ስለማትገባ፣ በገጠሩ ቤት ሁሉ የሴት ሥራ ተብሎ የተተወው ወፍጮና ምጣድ በወንድ እጅ ወደቀ። ይህን ነገር አንባቢ ቸል እንዳይለው እለምናለሁ። በዚያ ዘመን ከሴት ወፍጮ የወጣ ዱቄት በልቶ ያደገ የጨዋ ልጅ በሐይቅ ተንበርክኮ መፍጨት ግድ ይሆንበት ነበር።

ስለዚህ ወፍጮ የገዳሙ ትውፊት የሚተርከው አንድ ነገር አለ። በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ15ኛው መቶ ዓመት መግቢያ የነበሩት፣ ኋላ መጽሐፈ ምስጢርን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ ሐይቅ ተልከው ነበር። ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ ስላልገባቸው ለማኅበሩ እህል እየፈጩ ያገለግሉ እንደነበር ይነገራል። ትውፊቱ የሚያተኩረው በኋላ በእመቤታችን አማካይነት በተገለጸላቸው ምስጢር ላይ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ግን ወደ ወፍጮው ቢመለስ አያፍርም። ማኅበሩ ፊደል ያልያዘለትን ልጅ ወደ ቤቱ አልመለሰውም፤ ሥራ ሰጠው፣ በማዕዱም አስቀመጠው። ከአገራችን ታላላቅ ደራሲያን አንዱ የተገኘው ከዚያ ትዕግሥት ነው። የሰነፍ ተማሪን ስም ከመዝገብ ለመሰረዝ የምንቸኩል እኛ ይህን ብናስብ አይከፋም።

የገዳሙ የጽሑፍ ቅርስ ስለ ማዕድ የሚለው እጅግ ጥቂት ነው። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈውና ዛሬም በዚያው የሚገኘው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ዕድሜያቸው በውል ከታወቀ የብራና መጻሕፍታችን ሁሉ ከጥንታዊዎቹ የሚመደብ ነው። የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም በተነሡ ጊዜ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል። በውስጡ የአበምኔቱ ሥዕል ይገኛል፤ ለገዳሙ የተበረከቱ መጻሕፍትና ንብረቶችም ተመዝግበውበታል። መጽሐፍ የሰጠ ሰው ተመዘገበ፤ እንጀራ የጋገረ ግን አልተመዘገበም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ሐይቁንና ደሴቱን፣ መነኮሳቱ የሚሻገሩበትንም የደንገል ታንኳ ጠቅሶ አለፈ እንጂ ታንኳው ምን እህል ይጭን እንደነበር አልጻፈልንም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደርሶ የገዳሙን ሀብት ወሰደ። ወንጌሉ መትረፉ ራሱ ይደንቃል።

ከደሴቱ ወጥተን ወደ ባላገሩ እንሻገር። በተሁለደሬና በአምባሰል ገጠር እስላምና ክርስቲያን በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ተቀላቅለው ኖረዋል። አባቱ እንድሪስ ልጁ ተፈራ ተብሎ ቢገኝ በወሎ የሚገርመው የለም። ስለዚህ መቀላቀል የሚነገረው ግን ሁልጊዜ እውነቱን ሙሉ አያደርገውም። በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከዚሁ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። ትእዛዙን ያልተቀበሉት ሸሹ፤ እንደ ሼኽ ጠልሃ ያሉትም በተቃውሞ ተነሡ። በውጭ ክርስቲያን፣ በጓዳ እስላም ሆኖ መኖር የተለመደው በዚያን ጊዜ ነው። በዚህ ሁኔታ የሰው ሃይማኖት የሚታወቀው በሚበላው ሥጋ ነበርና፣ ገበታ የወዳጅነት ስፍራ ብቻ ሳይሆን የመታወቂያና የመፈተኛም ስፍራ ሆነ።

ስለዚህ የወሎ ሕዝብ ሃይማኖት ሳይለይ አብሮ ይበላል የሚለውን የዘወትር ውዳሴ እንዲሁ መቀበል ይከብደኛል። ሕዝቡ ይለይ ነበር፤ እጅግ ጠንቅቆ ይለይ ነበር። ክርስቲያን እስላም ያረደውን፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይቀምስም። አብሮ መኖር የተቻለው ይህ ወሰን ስለተረሳ ሳይሆን፣ ወሰኑን ለማክበር ብዙ ሥራ ስለተሠራ ነው።

ሠርግን እንውሰድ። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ፣ እስላም ወዳጆቹ ከመምጣታቸው ቀናት አስቀድሞ አንድ በግ ወይም በሬ ከነነፍሱ ይሰጣቸዋል። እነርሱም በራሳቸው እጅ ባርከው ያርዳሉ፤ በእስላም ጎረቤት ቤት፣ በእስላም ድስት፣ በእስላም ወጥ ሠሪ ይሠራል። ለክርስቲያኑ ጠላ ሲጠመቅ ለእስላሙ የማያሰክረው ቀሪቦ ወይም ብርዝ ይዘጋጃል። ደጋሹ እስላም በሆነ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ እንዲሁ ይፈጸማል። ዳሱ ግን አንድ ነው፤ ጭፈራው አንድ ነው፤ ሙሽራውንም የሚያጅቡት ሁሉም ናቸው። ለአንድ ሠርግ ሁለት ማጀት የማዘጋጀት ወጪ ቀላል አይደለም። ድኻ ገበሬ ይህን ወጪ የሚቀበለው ጎረቤቱ ጾሙን ውሎ ከሚመለስ ዕዳ ውስጥ ቢገባ ስለሚመርጥ ነበር።

ከዚህም ሌላ የጾም ቀን የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። የኦርቶዶክስ አጽዋማት ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። በእነዚህ ቀናት በክርስቲያን ቤት የሚሠራው ሽሮና ምስር ቢላዋ ያልነካው ስለሆነ እስላሙ ጎረቤት ያለ ጥርጣሬ እጁን ይሰዳል። የፍስክ ቀን የሚለያያቸውን ገበታ የጾም ቀን መልሶ ያገናኘዋል።

ስለ ቡና ብዙ አልልም፤ ብዙ ተብሏልና። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቡና የእስላም መጠጥ ነው እየተባለ በካህናት ዘንድ ይነቀፍ ነበር፤ ክርስቲያኑ በሰፊው የለመደው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግዲህ ዛሬ የጥንት አባቶች ሥርዓት የሚመስለን አቦል፣ ቶና፣ በረካ በብዙ ክርስቲያን ቤት ከጥቂት ትውልድ ያለፈ ዕድሜ የለውም።

የሠርጉን ያህል የሚያስተሳስረው ሐዘን ነበር። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል። ቅሬ እስላምና ክርስቲያን በአንድነት የሚገቡበት ሲሆን የራሱ ዳኛና የራሱ ቅጣት አለው። ሰው በሞተ ጊዜ አባላት እንጨትና ውኃ ያመጣሉ፣ እህል ያዋጣሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሬሳ ይሸከማሉ። ጸሎቱ የየሃይማኖቱ ነው፤ ሸክሙ ግን የጋራ ነው። ሐዘንተኛው ቤት ለቀናት እሳት አይነድምና ጎረቤት ያበላዋል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ወዳጅነትን በቅጣት ማስከበር ለከተማ ሰው ጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ማንም ሰው በስሜቱ መለዋወጥ ምክንያት ሳይቀበር እንዳይቀር ያደረገው ይህ ደንብ ነው።

ደንቡ ሁሉ የሚሠራው እህል እስካለ ድረስ ብቻ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኀብ፣ ለወራት በመንግሥት ተሸፍኖ የቆየው፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የተደገመው ቸነፈር የሞተውን ብቻ አልጎዳም። ጎተራው የተራቆተበት ገበሬ በሩን ዘግቶ፣ ጢሱን ደብቆ መብላትን ተማረ። እንግዳን ማስተናገድ ክብሩ ለነበረ ሰው ይህ ሞትን የሚያህል ውርደት ነበር። ብዙዎች በሠፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተወሰዱ። ከመንደራቸው ተበትነው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ረድፍ በተሠራ ጎጆ የገቡት ሠፋሪዎች በአዲሱ አገር ካቋቋሟቸው ነገሮች አንዱ ቅሬ ነው። በላዩ በላዩ ይሞቱ ነበርና።

ሐይቁም በበኩሉ ተለውጧል። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ስፍራ መጥቶ ተጨመረበት፤ ተራብቶም የዳርቻው ወጣቶች መተዳደሪያ ሆነ። ለዘመናት ከሐይቁ ዳር ሆኖ እህል ብቻ ይበላ ለነበረው ሕዝብ አዲስ ወጥ ተገኘ። በዚህ ዓሣ ረገድ ያስተዋልኩትን ልጨምር። በእስልምና ሥርዓት ዓሣ ባራኪና አራጅ አይፈልግም፤ በክርስቲያኑም ዘንድ ማን አጠመደው ተብሎ አይጠየቅም። በመሆኑም ሁለት ድስት የማያሻው ሥጋ ይህ ብቻ ነው። ዛሬ ከሐይቁ ዳር ባሉት የዓሣ ቤቶች በፍስክ ቀን የተቀመጠ ሰው፣ ከአንድ ትሪ ላይ እስላምና ክርስቲያን ጓደኛሞች አጥንቱን እየለቀሙ ሲበሉ ያያል። ከማዶ የገዳሙ ዛፎች ይታያሉ።