የምህንድስና ተማሪ መዶሻ ስለ ጨበጠበት ዘመን

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነን አንድ የእንጨት መንኰራኵር ነው። ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በውሃ ኃይል የሚዞር መንኰራኵር ሠርተን ለእንግዶች ልናሳይ ተስማማን። ስሌቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ፈጸምን፤ የውሃውን ፍጥነት፥ የመቅዘፊያዎቹን ስፋት፥ የሚገኘውንም ኃይል አስልተን ለፊዚክስ አስተማሪያችን አሳየን፤ እሳቸውም ትክክል ነው አሉን። መጋዝ ስንይዝ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የመጀመሪያው ሳንቃ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው አጠረ፤ ሦስተኛው ጠመመ። የትምህርት ቤቱ አናጢ ከሩቅ ቆመው ሲያዩን ከቆዩ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ መጋዝ እኮ እንደ እርሳስ አይያዝም» አሉንና ከእጃችን ተቀበሉን።

እፍረታችንን ይዘን ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን። በዚያም እንደ እኛ ያፈሩ፥ በዕውቀት ግን ከእኛ እጅግ የሚበልጡ ተማሪዎች እንደ ነበሩ አገኘን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1870ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፥ በሴንት ሉዊስ ከተማ፥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ካልቪን ውድዋርድ የሚባሉ የሒሳብና የሜካኒክስ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው የሜካኒክስን ሕግ የሚያሳይ ሞዴል ከእንጨት እንዲሠሩ ቢያዟቸው፥ እነዚያ ጥያቄውን ሁሉ በወረቀት የሚፈቱ ወጣቶች መሣሪያ እንኳ መያዝ የማያውቁ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ መምህሩ ሜካኒክሱን ለጊዜው ትተው የመሣሪያ አያያዝ ማስተማር ግድ ሆነባቸው።

ነገሩ እንዴት እዚህ ላይ እንደ ደረሰ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1794 በፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ሲመሠረት፥ መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ የሒሳብ ሰው መሆን አለበት የሚለው አሳብ በትምህርት ቤት ጸና። ጋስፓር ሞንዥን የመሰሉ ታላላቅ ሊቃውንት በዚያ አስተማሩ፤ ብዙ አገሮችም ይህንኑ ትምህርት ቤት አርአያ አደረጉት። በእንግሊዝ አገር ግን መሐንዲስ ለመሆን የሚመኝ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መሐንዲስ ወይም በአንድ ፋብሪካ ሥር ገብቶ ዓመታት እያገለገለ ይማር ነበር። ነገሩን ትንሽ አጋነን ብንናገር፥ አንደኛው ወገን ስሌቱን አውቆ ብረት ሳይነካ ይመረቃል፤ ሁለተኛው ብረቱን አውቆ ምክንያቱን ሳይረዳ ይቀራል።

እነዚህን ሁለቱን ለማጋጠም ከተሞከረው ሁሉ እጅግ ያስደነቀን የሞስኮው ነው። ያ ትምህርት ቤት መነሻው ወላጅ ያጡና የተጣሉ ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት ነበረ። በ1830 የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1868 ደግሞ የንጉሠ ነገሥት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተብሎ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ወጣ። ዛሬ ባውማን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ይኸው ነው። ዲሬክተሩ ቪክቶር ዴላ ቮስ አንድ ችግር አስተዋሉ። ተማሪ በፋብሪካ ከሠራተኛ ጋር ሲውል የሚማረው በዕለቱ የመጣውን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ዛሬ ከባድ፥ ነገ ቀላል፥ ሥርዓት የለውም። ሠራተኛውም የራሱን ሥራ ትቶ የሚያስተምርበት ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ዴላ ቮስና ባልደረቦቻቸው እያንዳንዱን የእጅ ሙያ፥ ማለት አናጢነትን፥ የቶርኖ ሥራን፥ ብረት ቅጥቀጣን፥ በሞርሳ ታስሮ በሞረድ የሚስተካከለውንም የብረት ሥራ፥ አንድ በአንድ ፈታትተው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረደሩት። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ቦታና የራሱ መሣሪያ ተሰጠው፤ ንድፍና ሞዴል በፊቱ ተቀመጠለት፤ አንዱን በሚገባ ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው አያልፍም ነበር።

የአገራችን አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሕፃን ፊደል ሳይቈጥር ዳዊት አይሰጠውም፤ ውርድ ንባብ፥ ቁም ንባብ እያለ በየተራው ይወጣል። ዴላ ቮስም ለመዶሻና ለመጋዝ የፊደል ገበታ አወጡላቸው ማለት ይቻላል። ከፊደሉም በኋላ ዳዊቱ ነበረ። ይኸውም ደመወዝተኛ ሠራተኞች ያሉበት፥ ከውጭ ትእዛዝ ተቀብሎ እውነተኛ ማሽን የሚሠራ ሌላ ወርክሾፕ በዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር፤ ተማሪው መለማመጃውን ከፈጸመ በኋላ ወደዚያ ይገባ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ወርክሾፕ አንባቢ እንዳይረሳብን እንለምናለን።

በ1876 አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችበትን 100ኛ ዓመት ለማክበር በፊላደልፊያ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ሕዝቡ በማሽኖቹ አዳራሽ ኮርሊስ የተባለውን ግዙፍ የእንፋሎት ሞተር ለማየት ሲጋፋ፥ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ዛሬ ዓለም ሁሉ ኤም.አይ.ቲ. የሚለው) ፕሬዚዳንት ጆን ራንክል ግን ልባቸው የተሳበው ከሞስኮ በመጡት የተማሪዎች መለማመጃዎች ነበር። ወደ ቦስተን ተመልሰው ለተቋሙ አስተዳዳሪዎች አሳብ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመትም ወርክሾፕ እንዲቋቋም ተወሰነ። ውድዋርድም በበኩላቸው በ1880 በሴንት ሉዊስ የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ነገር ግን ራንክል ይዘው የተመለሱት ፊደሉን ነው፤ ዳዊቱን በሞስኮ ተዉት። መለማመጃው ወርክሾፕ ተወሰደ፤ እውነተኛ ማሽን የሚሠራበት ቀረ። ተማሪው እንጨት ከእንጨት ያጋጥማል፥ ብረት ይሞርዳል፥ ይታረምለታል፤ ከዚያም የሠራው ነገር ለምንም አያገለግልም። እኛ ይህን ስናነብ እውነቱን ለመናገር ቅር አለን። ጊዜና ገንዘብ ቈጥበው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ ያልሠራ ተማሪ ስሕተቱ ምን እንደሚያስከትል በምን ያውቃል?

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀ ትምህርት ቤት ከቦስተን ብዙ ሳይርቅ ነበረ። በዉስተር ከተማ በ1865 የተመሠረተው የቴክኒክ ተቋም ሁለት ታላላቅ ረዳቶች ነበሩት። አንደኛው ጆን ቦይንተን የቆርቆሮ ዕቃ በመሥራትና በመሸጥ የበለጸጉ ሲሆኑ፥ ለትምህርቱ 100,000 ዶላር ሰጡ። ሁለተኛው ኢካቦድ ዋሽበርን በልጅነታቸው ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ የተማሩ፥ በኋላም የሽቦ ፋብሪካ ያቋቋሙ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ወርክሾፕ አሠሩ። በ1868 ትምህርት ሲጀመር በኰረብታው ላይ ሁለት ግንቦች ትይዩ ቆሙ፤ አንዱ የመማሪያው ሕንፃ፥ ሌላው የወርክሾፑ። በወርክሾፑ ግንብ ጫፍ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያመለክተው መዶሻ የጨበጠ ክንድ ነው።

በዉስተር ተማሪው ከደመወዝተኛ ሠራተኞች ጎን ቆሞ ለገበያ የሚወጣ ዕቃ ይሠራ ነበር። በሚልተን ሂጊንስ የሚመራው ይህ ወርክሾፕ በውሃ ግፊት የሚንቀሳቀስ አሳንሰር፥ ለንድፍ ሥራ የሚያገለግል ጠረጴዛና ሌላም ይሸጥ ነበር። በአሳንሰር ላይ የተሠራ ስሕተት በቀይ እርሳስ ታርሞ አያልፍም፤ ገዢው ይመልሰዋል፥ ከዚያም የከፋ ሊመጣ ይችላል። ሂጊንስና የሜካኒካል ምህንድስና መምህሩ ጆርጅ ኦልደን በ1885 ብረት የሚሳልበትን ክብ ድንጋይ የሚሠራውን የኖርተን ኩባንያ ከመሠረቱት መካከል መሆናቸው አያስደንቅም።

የዉስተርን አሠራር የነቀፉትም ነበሩ፤ ነቀፋቸውም ባዶ አልነበረም። ትርፍ የሚፈልግ ወርክሾፕ የተሸጠለትን ዕቃ መላልሶ ይሠራል፤ ተማሪውም አንዱን ብሎን መቶ ጊዜ ሲቈርጥ መማሩ ቀርቶ ደመወዝ የማይከፈለው ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ በኩል ዴላ ቮስ ትክክል ነበሩ። እኛም በመካከላችን ስንከራከር ግማሾቻችን ለሞስኮ፥ ግማሾቻችን ለዉስተር ፈረድን፤ እስካሁንም አልታረቅንም። የሞስኮ ወገኖች ግን ሁለቱ ወርክሾፖች አብረው እንደ ነበሩ ሲያስታውሱን የእኛ ክርክር ይደክማል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለሁለቱም አልተመቸም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ራዳርና እንደ አቶም ኃይል ያሉትን አዳዲስ ሥራዎች በአብዛኛው የመሩት መሐንዲሶች ሳይሆኑ የፊዚክስ ሊቃውንት ነበሩ። በ1955 የአሜሪካ የምህንድስና ትምህርት ማኅበር በሊንተን ግሪንተር ሰብሳቢነት ያወጣው ሪፖርት ለሒሳብና ለሳይንስ ሰፊ ቦታ እንዲሰጥ አሳሰበ። በ1957 ሩስያ ስፑትኒክን ስታመጥቅ ግፊቱ ባሰ። በብዙ ኮሌጆች የወርክሾፕና የንድፍ ሰዓት ተቀነሰ። የፓሪሱ አሳብ ድል አደረገ ማለት ነው፤ ያውም በቂ ምክንያት ነበረው፤ ራዳር በሞረድ አይሠራምና።

ነገር ግን በ1970 በዚያችው በዉስተር ኰረብታ መምህራኑ ተሰብስበው አዲስ ፕላን በድምፅ ወሰኑ። በግዴታ ይወሰዱ የነበሩት ትምህርቶች አብዛኞቹ ቀሩ፤ በምትካቸው ተማሪው ሳይመረቅ በፊት ትልልቅ የፕሮጀክት ሥራዎችን መፈጸም አለበት ተባለ። አንደኛው በራሱ ሙያ ውስጥ የሚሠራ ሲሆን፥ ሌላው ቴክኖሎጂ የሰውን ኑሮ በሚነካበት ጥያቄ ላይ ነው፤ ለዚህኛው ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ሌላ ከተማና ወደ ሌላ አገር ድረስ ይሄዳሉ። በዴንማርክም በ1974 የተመሠረተው የኦልቦር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ከመነሻው በፕሮጀክት ላይ አቆመ። በኤም.አይ.ቲ. ደግሞ መምህሩ ውዲ ፍላወርስ በ1970ዎቹ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዓይነት ቁርጥራጭ ዕቃ እየሰጡ፥ ከዚያ ማሽን ሠርተው እንዲወዳደሩ አደረጉ። የራንክል መለማመጃ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነበረው፤ የፍላወርስ ቁርጥራጭ ግን በተማሪው ቁጥር ልክ መልስ አለው።

መንኰራኵራችን በበዓሉ ቀን ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለው ቦይ ላይ ይቆማል። አናጢው መጀመሪያ በቁራጭ ሳንቃ ሦስት ቀን አለማመዱን፤ ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛውን እንድንነካ የፈቀዱልን። ስምንት መቅዘፊያዎች አሉት። ስድስቱን ቀጥ አድርገው የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ወላጆቻችን ሲጐበኙ ትንሽ ዘመም ያሉ ሁለት ቢያዩ፥ የእኛ ናቸው።