ጉበት የሚዳኘው ሕክምና

እ.ኤ.አ. በ1889 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ፓጄት በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አገላበጠ። በ241ዱ ጉበት ላይ ዕጢ ተገኝቷል፤ በጣፊያ ላይ ግን በ17ቱ ብቻ። ደም ሁለቱንም ያዳርሳል፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ካንሰር እንደ ዘር ነው፤ የሚበቅለው የተስማማው አፈር ላይ ነው አለ ፓጄት።

በዚያው ዘመን ባልቲሞር ላይ ዊልያም ሃልስቴድ ጡትን ከደረት ጡንቻው ጋር ጠርጎ ማውጣትን አስፋፋ። ቢላዋ ግን ጉበት የገባውን ሴል አያሳድድም። በደም የተጓዘን በሽታ በደም የሚከተለው መድኃኒት የተገኘው ከጦር መሣሪያ ነው። በ1935 እና በ1936 የጣሊያን አውሮፕላኖች ኢትዮጵያውያን ላይ ያዘነቡት የሰናፍጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ የሆነው ናይትሮጅን መስታርድ፣ በ1942 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአንድ የሊምፎማ ሕመምተኛ ተሰጠ። በ1957 ፍሎሮዩራሲል የተባለው መድኃኒት ተከተለ። በ1969 ሪቻርድ ኩፐር አምስት መድኃኒቶችን አጣምሮ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር መስጠቱን አስታወቀ። ከዚያም ከአፈር ባክቴሪያ ቀዩ ዶክሶሩቢሲን፣ ከዛፍ ቅርፊት ፓክሊታክሴል መጡ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም ከሰውነት የሚያስወግደው በዋናነት ጉበት ነው። ዕጢ ጉበቱን ሲያጨናንቀው ቢሊሩቢን የተባለው ቢጫ ቀለም ደም ውስጥ ይጨምራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ መድኃኒቱም ደም ውስጥ ይቆያል፤ ነጭ የደም ሴል ይወርድና ኢንፌክሽን ያሰጋል። ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፤ የዶክሶሩቢሲን ልማዳዊ መመሪያ ቢሊሩቢን በዴሲሊትር ከ1.2 እስከ 3 ሚሊግራም ሲደርስ በግማሽ ቀንስ ይላል። መድኃኒቱን አብዝታ የምትፈልገው ሴት አሳንሳ ትወስዳለች ማለት ነው። ዕጢው ከሟሸሸ ግን ጉበቱ ያገግማል፣ መጠኑም ሊመለስ ይችላል።

በ1998 ሁለት አዳዲስ መድኃኒቶች መጡ። በአፍ የሚዋጠው ካፔሲታቢን ወደ ፍሎሮዩራሲል የሚለወጥበትን ጉዞ የሚጀምረው ጉበት ውስጥ ነው። ትራስቱዙማብ ደግሞ ኸር2 የተባለው ፕሮቲን የበዛባቸውን ዕጢዎች ለይቶ ያጠቃል፤ በ2001 በታተመ ጥናት ከኬሞቴራፒ (ኬሞ) ጋር ሲሰጥ መካከለኛውን በሕይወት የመቆያ ጊዜ ከ20.3 ወደ 25.1 ወራት አራዝሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ዛሬም ጉበት የደረሰ የጡት ካንሰር በአብዛኛው አይድንም፤ ሕክምናው ዕድሜ ማራዘሚያና ስቃይ ማስታገሻ ነው። ሆርሞን የሚቀበል ዕጢ ላለባት ሴት ብዙውን ጊዜ የሆርሞን ሕክምና ይቀድማል፤ ጉበቷ በፍጥነት እየደከመ ከሆነ ግን ኬሞው ሊቀድም ይችላል። የሃልስቴድ ዘመን ምን ያህል እንቁረጥ ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ የዛሬው ሐኪም የሚጠይቀው ጉበቱ ምን ያህል ይችላል ብሎ ነው።