የቂሾን ወንዝና ያልተጠየቀው ጥያቄ



ዛሬ ስለ ደጃችን ወንዝ እናውጋ። ከአፉላ ወጥተን ወደ መጊዶ ስንሄድ መኪናው ድልድዩን ሽው ብሎ ያልፈዋል። በበጋ ሲያዩት ደረቅ ቦይ ይመስላል፤ ወንዝ መሆኑንም ልብ የማንል ብዙ ነን። ስሙን ግን አፉላን ሳናውቅ በፊት እናውቀው ነበር። ዲቦራና ባርቅ ከታቦር ተራራ ወርደው የሲሳራን ሠራዊት ሲገጥሙ፣ ጠላትን ጠርጎ የወሰደው ወንዝ ይሄ ነው። ቂሶን እንለው ነበር፤ እዚህ ቂሾን ይሉታል። ከጊልቦዓ ተራሮችና ከጄኒን አካባቢ ተነስቶ፣ ሸለቆአችንን አቋርጦ፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሃይፋ ላይ ባሕር ይገባል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ የሰፈር ልጆች በጎርፉ ውሃ ውስጥ ሲጫወቱ ዋሉ። አንዷን አያት "ምነው ዝም አሏቸው?" ብንላቸው፣ "ልጄ፣ የሚፈስ ውሃ እኮ ንጹሕ ነው" አሉን። አያታችን አልተሳሳቱም፤ የተናገሩት ስላደጉበት ወንዝ ነው።

ሀገር ቤት ወንዝ ምን እንደነበረ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከመርገም ጎጆ የምትወጣ ሴት፣ ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ቀኗን የጨረሰች አራስ፣ አስከሬን የነካ ሰው፣ ሁሉም ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም። መንደራችንም ወንዝ አጠገብ የሚሆነው ለዚህ ነበር። የሚጠጣው ከላይ ይቀዳል፣ ልብስ ከታች ይታጠባል። የላይኛው ያደፈረሰውን የታችኛው እንደሚጠጣው ልጅም ያውቅ ነበር።

የቂሾን ታሪክ ይህ ሥርዓት ሲፈርስ ምን እንደሚመጣ ያሳያል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የሃይፋ ወደብ በ1933 ተከፈተ። በዚያው ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ አስተዳደር ጊዜ ከወንዙ መጨረሻ አጠገብ የነዳጅ ማጣሪያ ተሠራ። ቆይቶ የማዳበሪያና የኬሚካል ፋብሪካዎች ተከተሉ። ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ሆኑ፤ ቆሻሻቸውን ግን ወደ ወንዙ ለቀቁት። የከተማ ፍሳሽ ተጨመረበት። ከላይ በእኛ በኩል ደግሞ የእርሻ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት፣ የከብት በረት እጣቢ፣ ከጄኒን አካባቢ የሚወርድ የሽንት ቤት ፍሳሽ ይገባበታል። ታችኛው ቂሾን በአሲድና በዘይት ተሞላ፤ ጭቃው እንደ ካድሚየም ያሉ መርዘኛ ብረቶችን ያዘ። ዓሣ የማይኖርበት፣ በሀገሪቱ ከተበከሉት ወንዞች ሁሉ የከፋው ተባለ።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳንል፣ ለወንዞችና ለምንጮች ባለሥልጣን ማቋቋም የሚያስችል ሕግ የወጣው በ1965 ነው። ቂሾን የራሱን ባለሥልጣን ያገኘው ግን በ1994 ነው። 29 ዓመት! በዚህ መሐል ገሚሶቻችን በሱዳን በረሃ አልፈን በዘመቻ ሙሴ ገባን፣ ገሚሶቻችን በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ገባን። ወንዙ ግን ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ዝም የተባለ ውሃ ሰው ይገድላል። በ1997 ቴል አቪቭ አጠገብ በማካቢያ ጨዋታ መክፈቻ ላይ የእግረኛ ድልድይ ተሰብሮ የአውስትራሊያ ስፖርተኞች ያርኮን ወንዝ ውስጥ ወደቁ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱን ለሞት ያበቃቸው ከተበከለው ውሃ ጋር የተያያዘ በሽታ ነበር።

ከሁሉ በላይ ለእኛ ለወላጆች የሚከብደው የወታደሮቹ ነገር ነው። የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች፣ የሻየቴት 13 ልጆች፣ ለብዙ ዓመታት በቂሾን ውስጥ ሲጠልቁ ኖሩ። ውሃው ይሸት እንደነበረ፣ ቆዳ ያቃጥል እንደነበረ በኋላ መስክረዋል። ግን ትእዛዝ ነው፤ ጠለቁ። በ2000 ብዙዎቹ ካንሰር እንደያዛቸው በጋዜጣ ወጣና ሀገር ተናወጠ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በነበሩት በመኢር ሻምጋር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ2003 ኮሚቴው በሐሳብ ተከፈለ። ሁለቱ ፕሮፌሰሮች "መጥለቁ በሽታውን እንዳመጣ በቁጥር አልተረጋገጠም" አሉ፤ ሻምጋር በዚህ አልተስማሙም። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሻኡል ሞፋዝ ለታመሙት ካሣ እንዲሰጥ ወሰኑ። በፋብሪካዎቹ ላይ የቀረበው ክስ ግን በሃይፋ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ።

ክርክሩን ስንሰማ "አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ" ያለችው አህያ ትዝ ትለናለች። ጅቡ ከላይ ቆሞ ከታች ያለችውን "ውሃዬን አደፈረስሽ" አላት አይደል? ቂሾን ላይ የሚለቀው ብዙ ስለሆነ ይህ መርዝ የእገሌ ነው ብሎ መለየት ከባድ ሆነ። ከታች የነበረው ግን ከነበሽታው ቀረ።

መልካሙንም እንንገር። ነገሩ አደባባይ ከወጣ በኋላ ቁጥጥሩ ጠበቀ፣ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን እያጣሩ እንዲለቁ ተገደዱ። በ2010ዎቹ የታችኛው ወንዝ የተመረዘ ጭቃ ተቆፍሮ ወጥቶ ታከመ። ዓሣና ወፍ ተመለሱ። ይህ የሆነው የታመሙት፣ ቤተሰቦቻቸውና ለተፈጥሮ የቆሙ ሰዎች አንጠየቅም ያሉትን ስለ ጠየቁ ነው።

እኛ ገና ልጆች ሆነን የመጣን፣ ዛሬ በማኅበራዊ ሥራ በየቤታችሁ የምንገባ፣ አንድ ነገር ደጋግመን እናያለን። ከትምህርት ቤት ወይም ከቢሮ ወረቀት ይመጣል፣ አባት "እነሱ ያውቃሉ" ብሎ ይፈርማል። ትልቅን አለመሞገት ጨዋነት ነው ተብለን ስላደግን ነው። ግን እነዚያ ወታደሮችም ጨዋ ልጆች ነበሩ። "ይህ ውሃ ምንድነው?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ልጅን መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ከዝናብ በኋላ ወደ ቦዩ እንዳይወርዱ ከልክሉ። የሚሸት ፍሳሽ ካያችሁ ወደ ኢሪያ 106 ደውሉ፤ ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ የልጅ ልጃችሁ ይደውል። አያቶቻችን ደግሞ አንድ አደራ አለባችሁ፤ የመንደራችሁን ወንዝ ስሙንና ሥርዓቱን ለልጆቹ ንገሯቸው። ንጹሕ ወንዝ ምን እንደሚመስል ያልሰማ ልጅ የቆሸሸውን አይቶ አይደነግጥም።

የእናንተ ወንዝ ማን ይባላል? ከታች ጻፉልን።