የጉግስ ሕጉ የት ተጽፏል?

ባለፈው ዓመት ከወደ ካሊፎርኒያ አንድ የልጅነት ወዳጄ ደወለልኝ። ሁለታችንም ያደግነው በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ግንደወይን ነው። ወዳጄ ኑሮ ከቀናው ወዲህ የሚያልመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አገር ቤት ገብቶ ከቤተሰቡ ጋር ፈረስ ማርባት። የዚያን ዕለት ግን ሌላ ነገር ጨምሮበት ነበር። "እዚህ ፖርቱጋሎቹ በፈረስ ሆነው ከኮርማ ጋር ይጋጠማሉ። ደም የሚባል ነገር የለበትም። ይኼን እኛ አገር ለጎብኚ ባሳይ ሕጉ ይከለክለኛል ወይ?" አለኝ። ምስሉንም በስልኬ ላከልኝ።

አየሁት። አንድ ቤተሰብ ፈረስ በሚያረባበት ግቢ ውስጥ በጣውላ የታጠረ ክብ ሜዳ አለ። ያጌጠ ፈረስ የተቀመጠ ሰው ይገባል፤ ኮርማው ተንደርድሮ ይመጣል፤ ፈረሱ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሸርተት ይላል፤ ጋላቢው ዘንበል ብሎ በኮርማው ጀርባ ላይ ዘንግ ይተክላል። ሕዝቡ ያጨበጭባል።

በወቅቱ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አጎቴ ለሕክምና መጥተው እኔ ዘንድ ከርመው ነበር። በጉብዝናቸው የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው። ምስሉን ሁለት ጊዜ አሳየኋቸው። "ፈረሰኛው ግሩም ነው፤ ፈረሱ ደግሞ ከሱ ይበልጣል" አሉ። ቀጥለውም፣ "ይኸ ጉግስ ነው እኮ! ግን ኮርማውን ማን ጠየቀው?" ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

እነሆ፣ ይህ ጽሑፍ ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ ነው። ነገሩ የእሱ ብቻ ስላልመሰለኝ ለእናንተም አቀረብኩት።

ደም አልባው ግጥሚያ

በፈረስ ሆኖ ከኮርማ ጋር መጋጠም የፖርቱጋል ባህል ነው። በስፔኑ ግጥሚያ ማሳረጊያው ኮርማውን በሰይፍ መግደል ሲሆን፣ ፖርቱጋል ግን እ.ኤ.አ. በ1928 በሜዳው ላይ መግደልን በሕግ ከለከለች። የኮርማው ቀንድ በቆዳ ይሸፈናል። ፈረሰኛው ድርሻውን ሲጨርስ ስምንት እግረኞች ወጥተው ኮርማውን በባዶ እጃቸው ተናንቀው ያቆሙታል። ይሁንና እዚያ ደም የለም ማለት አይደለም። የሚተከለው ዘንግ ጫፉ ስለታም ብረት ነው። ኮርማውም ብዙውን ጊዜ የሚያመልጠው ከሜዳው ሞት እንጂ ከቄራው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የአገሪቱ ሕግ መግደልን ሳያቋርጡ ለኖሩ እንደ ባራንኮሽ ላሉ ቦታዎች ልዩ ፈቃድ ሰጠ። ልማድ ሕግን ሲያስጎነብስ እንዲህ ነው።

እውነተኛው ደም አልባ ግጥሚያ ያለው ወዳጄ በሚኖርበት አገር ነው። ከአዞረስ ደሴቶች ፈልሰው በካሊፎርኒያ የሰፈሩት ፖርቱጋሎች ባህላቸውን ይዘው ሄዱ። የግዛቱ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1957 የኮርማ ግጥሚያን ሲከለክል፣ ከሃይማኖት በዓል ጋር ተያይዞ የሚደረገውንና ደም የማይፈስበትን ብቻ ለይቶ ተወው። ስለዚህ በኮርማው ጀርባ ላይ በጫማና በጃኬት የምናውቀው ተጣባቂ ጨርቅ፣ ማለትም ቬልክሮ ይታሰራል። ዘንጉም ጫፉ ቬልክሮ ነው። ይጣበቃል እንጂ አይወጋም። የሜክሲኮ ከተማ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 መግደልንና ስለትን ከልክሎ ግጥሚያው ያለ ደም እንዲካሄድ ወስኗል።

ልብ በሉ፣ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ደሙን ያስቀረው የጋላቢው ደግነት አይደለም። ተጽፎ የተቀመጠ ደንብ ነው።

የእኛው ግጥሚያ

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላል ያገራችን ሰው። ጉግስ ግን ፈረስ የማይዋጋበት ውጊያ ነው ማለት ይቻላል። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው ያባርራል። አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው ከኮርቻው ላይ ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ከዚያ ተራው ይለወጣል፤ ያባረረ ይባረራል። ለጦርነት የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ግልቢያው፣ ውርወራውና ምከታው በውስጡ አለ። የጎደለው የጦሩ ስለት ብቻ ነው።

ጨዋታው ሥር የሰደደው ፈረስ የማንነት ምልክት በነበረበት አገር ነው። መሪዎቻችን በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የእኛው የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ደግሞ አባ ኮስትር ተብለዋል። ከጮቄ ተራራ ማዶ በአዊ የሚገኘው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ዓድዋ ላይ ከሰው ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ጭምር እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። በእኛ በኩል ግን እንዲህ ያለ የተደራጀ ማኅበር ሲኖር አላየሁም። እኔ የማውቀው ጉግስ ጥምቀትን ጠብቆ የሚመጣ፣ ሽማግሌ የሚመራው፣ ደንቡም በሽማግሌ ልብ ውስጥ ብቻ ያለ ነው።

ያ ደንብ ምን ያህል ብርቱ እንደነበረ ያየሁት በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። የቃና ዘገሊላ ዕለት ነበር። አንድ ወጣት ፈረሰኛ በዘንግ ቅንድቡን ተመትቶ ደሙ ነጠላው ላይ ፈሰሰ። ወንድሞቹ ዱላ አነሱ። የወርዋሪው ወገኖችም አልተኙም። በዚህ መሀል አንድ አዛውንት "በሕግ አምላክ!" አሉ። ሁሉም ባለበት ቆመ።

ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። "ደም ወጥቷል ወይ?" ብለው አልጠየቁም፤ ደሙ ይታያል። የጠየቁት "ዘንጉ ሲወረወር ጋሻው የት ነበር?" ብለው ነው። በእኛ አካባቢ ልጓሙን ስቦ ጋሻውን ያወረደ ሰው ጨዋታው ለእሱ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የተወረወረ ዘንግ የጨዋታ አይደለም፤ ጥቃት ነው። ሁለት ምስክሮች ጋሻው ወርዶ ነበር አሉ። ወርዋሪው ካሳ ከፈለ፤ በማግሥቱም ድንጋይ ተሸክሞ ተጎጂው ደጅ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱም በአንድ ሜዳ ጋለቡ።

ወርዋሪው እኚሁ አጎቴ ናቸው።

የተጻፈው ሕግ ምን ይላል?

ዓመታት አልፈው የሕግ ትምህርት ቤት ስገባ፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳነብ አንቀጽ 2068 ላይ ደረስኩና ያ ዛፍ ትዝ አለኝ። አንቀጹ በስፖርት ጨዋታ ላይ ሳለ ተጫዋችን ወይም ተመልካችን የጎዳ ሰው፣ የማታለል ሥራ ካልሠራ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ ኃላፊ አይሆንም ይላል። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ሕጉን አላነበቡትም፤ ሕጉም እነሱን አልጠየቃቸውም።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ልማዳዊ ሕግ፣ ራሱ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ሽሮታል። አንቀጽ 2068 ግን ለልማድ አንዲት ጠባብ በር ትቶለታል፤ "የጨዋታው ደንብ" የምትል በር። የእግር ኳስ ደንብ መጽሐፍ አለው፤ ዳኛው ገልጦ ያያል። የጉግስ ደንብ የት አለ? ነገ አንድ ልጅ ዓይኑ ቢጠፋና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ፣ ጉግስ አይቶ የማያውቅ ዳኛ ምኑን ከምኑ ያመዛዝናል? ምስክር የሚሆኑት ሽማግሌዎችስ እስከ መቼ ይኖራሉ?

ፈረሱ ራሱ ላደረሰው ጉዳት ደግሞ ሌላ አንቀጽ አለ። በአንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ ኃላፊ ነው። ደርዝ ያለው የሜዳ ደንብ፣ ማለትም ተመልካች ምን ያህል ይራቅ፣ ያልተገራ ፈረስ ይግባ አይግባ የሚለው ለባለ ፈረሱም መጠበቂያው ነው።

ወደ ኮርማው ስንመጣ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በደንብ መተላለፍ ክፍሉ በእንስሳት ላይ ጭካኔን ይከለክላል። እንስሳት የሚሠቃዩባቸውን ወይም የሚገደሉባቸውን ትርዒቶች፣ እንስሳትን እርስ በርስ ወይም ከሰው ጋር ማዋጋትን ጨምሮ፣ ማዘጋጀት ያስቀጣል። ቬልክሮው ከዚህ ያድናል አያድንም ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ ግን ለወዳጄ "በክርክር የሚጀመር ሥራ አትጀምር" ነው ያልኩት።

ይቅርታ ነጥብ የሚያስገኝበት ጨዋታ

ጨዋታን በጽሑፍ ማስፈር ነፍሱን ያጠፋዋል የሚሉ አሉ። ለእነሱ የቱርኮችን ጂሪት ላስታውሳቸው። ጂሪት የጉግስ ወንድም ነው፤ ሁለት የፈረሰኛ ቡድኖች እየተባረሩ የእንጨት ዘንግ ይወራወራሉ። ሱልጣን ማህሙድ 2ኛ አደገኛ ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ1826 አግደውት ነበር፤ ጨዋታው ግን ከእገዳው ተርፎ ዛሬ ደንብ፣ ዳኛና ነጥብ አለው። ተጋጣሚን የመታ ነጥብ ያገኛል፤ ፈረስ የመታ ይቀጣል። ደስ የሚለው ደግሞ፣ ተጋጣሚው ላይ ደርሶበት፣ መምታት እየቻለ የማረው ሰውም ነጥብ ያገኛል። ምሕረት በደንብ ተጽፋ ትቆጠራለች ማለት ነው።

እኛስ? ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስምምነቱ አባል አገሮች በግዛታቸው ያለውን ቅርስ ቆጥረው እንዲመዘግቡ ግዴታ ይጥላል። ጥምቀትን አስመዝግበን በጥምቀት ሜዳ ላይ የሚጋለበውን ጉግስ ደንቡን ሳንጽፍ ብናስቀር፣ ኮርቻውን ይዘን ፈረሱን እንደ መልቀቅ ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ በገባበት ግጭት ሰው በሜዳ ተሰብስቦ መጫወት ቀርቶ ከከተማ ከተማ መሄድም የከበደባቸው ጊዜያት አሉ። ጉግስ ሳያይ ያደገ ልጅ ጋሻ ሲወርድ እጅን መሰብሰብ የሚባል ነገር እንዳለ ከየት ይማራል? እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ጉግስ ያስተማረን ግልቢያ ብቻ አይደለም፤ በጋለ ፍልሚያ መሀል ማቆምንም ነው።

ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር አጭር ነው። ኮርማውን ለእርሻው ተወው፤ ፈረሱን አርባ። ሰላም ሲሆን ሜዳውን አጥር፤ የአካባቢህን ሽማግሌዎች ሰብስብና ደንቡን አስጽፍ፤ እንጅባራ ሄደህ ማኅበሩ እንዴት እንደዘለቀ ጠይቅ።

እኔም በበኩሌ አንድ ደብተር ገዝቼ ማታ ማታ አጎቴን እጠይቅ ጀመር። ጋሻ ስላወረደ ሰው፣ ፈረስ ስለ መምታት፣ ከኋላ በቅርብ ርቀት ስለ መወርወር እያሉ እስከ ዘጠኝ ደንብ አስጻፉኝ። የመጀመሪያው የጋሻው ደንብ ነው። "ያን ዕለት ጋሻው ወርዶ ነበር፤ አይቼው ነው የወረወርኩ" አሉኝ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ። ሕክምናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ "ገና ይቀራል" ብለውኛል። በቤታችሁ ጉግስ የጋለበ አባት ወይም አጎት ያላችሁ አንባቢዎች፣ እናንተም አንድ ደብተር ግዙ።

ቸር ያሰንብተን።